ወተት የጠጣው ማሽን

የቡና ማሽኑ ወተት መጠጣቱን ችኮ የሰማችው ከወንድሟ መታጠቢያ ቤት ሆና ነው። እጇን ልትታጠብ ገብታ ቧንቧው በየት በኩል እንደሚከፈት ግራ ገብቷት ቆማ ነበር፤ የሚጠመዘዝ ነገር የለው፣ የሚሳብ ነገር የለው፣ እንደ ዳክዬ አንገቱን አውጥቶ ዝም ብሎ ያያታል። ከጎኑ የተሰቀሉት ፎጣዎች በሪባን ታስረዋል፤ ለዓይን እንጂ ለእጅ አልተሰቀሉም። ከገንዳው በላይ ያለችው ጠባብ መስኮት ወደ ኩሽናው ነው የምትከፈተው። በሷ በኩል የወንድሟ ሚስትና የሚስትየው እናት ሲንሾካሾኩ ይሰማል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ መንሾካሾካቸው የሌላ ሰው ጩኸት ነው።

«ሽታው ለቀቀው?» አሉ እናትየው።

«ጥገና ቤት ታጥቦ ነው የመጣው። ጎሚኒ የሚሉትን ላስቲኩንም ቀይረነዋል ብለዋል።»

«እኔ ያኔም ቱቦውን ከውሃው አታውጪ ብዬሽ ነበር።»

«እማዬ፣ በናትሽ አሁን እሱን አታንሺብኝ! ውሃ ጠጥቶ ቡና ከሰጠ፣ ወተት ጠጥቶ ማኪያቶ ይሰጣል ብዬ ነዋ። ደግሞ ሰጥቶ ነበር። መጀመሪያ የመጡት እንግዶች ጠጥተው አመስግነዋል።»

«በኋላ የመጡትስ?»

«እነሱ የባሌ ዘመዶች ናቸው።»

«ብቻ ለሷ እንዳትነግሪያት።»

«ምን አግብቷት! ያብረቀረቀ ነገር ካየች ይበቃታል። የምታፈላው ለበሽተኛ አይደል? በሽተኛ ምን ጣዕም ያውቃል?»

ችኮ እጇን ሳትታጠብ በቀሚሷ ጠረገችና የገንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ችኮ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም፤ አንዴ ካለች አለች ስለሆነች ቤተሰቡ ነው እንዲህ የሚላት። የወንድሟ ልጅ የተመረቀች ቀን ትዝ አላት። ሥራዋን ዘግታ አምሽታ ስትደርስ «መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆመ» ብለው ለስላሳ ሰጧት፤ መብራቱ ግን ከኮርኒስ እስከ አጥር ቦግ ብሎ ነበር። «ማሽን መርጦ የሚጠፋ መብራት ዛሬ አየሁ» ብላ ስቃ አለፈችው። ለካ ማሽኑ ከጀሪካን ውሃ የሚስብበትን ቱቦ አውጥተው ወተት ባልዲ ውስጥ ነክረውለት ኖሯል! ለምን? ለአንድ ቀን ማኪያቶ የሚሠራ ሰው ላለመቅጠር። ፎጣ በሪባን የሚያስር ቤት፣ ለአንድ ባለሙያ የአንድ ቀን አበል ከብዶት! ማሽን የጠጣውን ሆዱ ውስጥ ነው የሚያፈላው። ወተቱ እዚያው ተቃጥሎ፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ፣ ከርሞ ይከረፋል። ሆዱ ተከፍቶ ካልተፋቀ በቀር ከላይ ቢወለውሉት የሞተ ሰው ፊት ማጠብ ነው።

ጊዜ ቢኖራት ትስቅ ነበር። ጊዜ ግን የላትም። ችኮ ክሊኒክ ውስጥ፣ መግቢያው ላይ፣ ከካርድ ክፍሉ መስኮት አጠገብ አንዲት ባንኮ አለቻት። እዚያ ሆና ለአስታማሚውም ለሐኪሙም ቡና ታፈላለች፤ ከዚያች ባንኮ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። አሮጌው ማሽኗ ባለፈው ሳምንት ሆዱ ተሰንጥቆ ውሃውን ወለል ላይ ለቀቀ። የክሊኒኩ አስተዳዳሪ፣ ሰው ሲያናግር ስልኩን የሚያይ ሰውዬ፣ ዛሬ ማለዳ «ነገ ጠዋት ቡና ከሌለ ባንኮውን ጭማቂ ለሚሸጡት እሰጣለሁ፤ እነሱ በየቀኑ እየጠየቁኝ ነው» አላት። ትናንት፣ ያገለገሉ ማሽኖች የሚሸጡበት ሱቅ ሄዳ አንድ አገኘች። ጎኑ በቅሎ የረገጠችው ይመስል ተጨርምቷል፤ ቡናው ግን ቡና ነው። ገንዘቧን ከጡቷ ሥር አውጥታ ልትቆጥር ስትል ወንድሟ ደወለ። «እኛ ቤት ቁጭ ብሎ የለም እንዴ! ታድሶ አዲስ ሆኗል። ዘመድ እያለሽ ከሌባ ትገዢያለሽ?» አላት። ገንዘቡን መልሳ ወሸቀችው። የሱቁ ባለቤት ፈገግ ብሎ «ነገ ከሰዓት ሌላ ሰው ሊያየው ይመጣል፤ እስከዚያ አቆይልሻለሁ» አላት።

እንግዲህ አሁኑኑ ተነስታ ብትሄድ ትደርሳለች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ «ደህና ዋሉ» ማለት ብቻ ነው። ግን ወንድሟ ገና ከቢሮው አልመጣም። ይህን ነገር እሱ ያውቃል ወይስ አያውቅም? ሚስቱ አታልላው ይሆናል። ቢሮ የሚውል ሰው ቤቱ ውስጥ ማን ምን እንደጠጣ በምን ያውቃል? በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ነው። ከራሱ አፍ ሳትሰማ ብትሄድ ዕድሜ ልኳን «ምናልባት እኮ» እያለች ትኖራለች፤ «ምናልባት» ደግሞ ለችኮ አይመቻትም። ቁጭ ልትል ቆረጠች።

ሳሎኑ ሰው እንዲቀመጥበት የተሠራ አይመስልም። ሶፋዎቹ ከመጡበት ቀን ጀምሮ ላስቲካቸው አልወለቀም፤ ሲቀመጡባቸው ይንጫጫሉ፣ ሲነሱ ከባት ጋር ተጣብቀው አብረው ሊነሱ ይቃጣቸዋል። አንዱ ግድግዳ ሙሉ መስታወት ነው፤ ሰው ዳቦ ሲጎርስ ራሱን እያየ ይጎርሳል። ማሽኑ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለው ረጅም ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሁለት እጀታ ያለው፣ ትልቅ፣ የሆቴል ማሽን ነው። ባለቤቱ የከሰረ ሆቴል ዕቃ ሲሸጥ ወንድሟ «ለቤት ግርማ ሞገስ ይሆናል» ብሎ ነው ያመጣው። ላዩ ላይ በእጅ የተሠራ ዳንቴል አልብሰውታል፤ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ ጽጌረዳ አቁመዋል። እንግዳ ሲመጣ ይህን ብረት እያሳዩ ከቆርቆሮ የሚቀዳ ዱቄት ቡና በፍል ውሃ በጥብጠው ያቀርባሉ። ከነጽጌረዳው ሲያዩት ቤተ ዘመድ የሚሰናበተው ሬሳ ይመስላል።

የወንድሟ ሚስት ከኩሽና ወጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ እናትየው ጎኗ። የዚህ ቤት ጨዋታ ዋጋ ነው። «ይሄ መጋረጃ ስንት ይመስልሻል እትዬ?» ትላለች ሚስትየው። እንግዳው አሳንሶ ይገምታል፣ እሷ ትስቅና እውነተኛውን ትናገራለች፣ እንግዳው ደረቱን ይመታል። ምንጣፉም እንዲሁ፣ መብራቱም እንዲሁ። ችኮ መጋረጃውን በጣቷ ዳሰስ አደረገችና የወለል መወልወያ የሚገዛበትን ዋጋ ጠራች። ሚስትየው መሳቁን ረሳችው። «ኧረ እትዬ፣ ከውጭ እኮ ነው የመጣው!» አለች። «ጥሩ ነው ታዲያ፣ ውሃ በደንብ ይመጥጣል» አለች ችኮ። እናትየው ሳሉ። ከዚያ ሁሉም ቴሌቪዥኑን ማየት ጀመሩ፤ ቴሌቪዥኑ ግን አልተከፈተም።

ወንድሟ ሲገባ ሽቶው ቀድሞት ገባ። ሱፍ ለብሷል፣ አንዱን ስልክ በእጁ፣ ሌላውን በጆሮው ይዟል። በጆሮው ለያዘው «እመለስልሃለሁ» አለና እህቱን ጉንጯን ሳመ። «እትዬ! ጠፋሽ እኮ!» አለ፤ የዚህን ቤት በር የምታውቀው እሷ ናት እንጂ እሱ የሷን ቤት በር አያውቀውም። አየት አደረገችው። ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሄደው ወደሷ አይደለም፣ ወደ ሚስቱ ነው። ሚስቱ ራሷን ትንሽ ነቀነቀች። እሱም ነቀነቀ። ችኮ ይህን አየች፤ ቢሆንም ሰው ሚስቱን ስላየ ብቻ አይፈረድበትም ብላ ተወችው።

ምሳው ሩዝ በሥጋ ነበር፤ ሥጋው ከሩዙ ሥር ተደብቆ ፍለጋ ይፈልጋል። ወንድሟ ስለ ትራፊክ አወራ፣ ስለ ልጁ ሥራ አወራ፣ አለቃው እሱን ሳያማክር ውኃ እንደማይጠጣ አወራ። ስለ ዋጋው ያነሳው አፉን ከጠረገ በኋላ ነው። የጠራው ዋጋ ያ የተጨረመተው ማሽን ከሚሸጥበት ይበልጣል። «ለሌላ ሰው ቢሆን በዚህ አልሰጠውም» አለ። «እሷ ናት እንጂ፣ ‹ለእህትህ ከሆነ ቀንስ› ያለችኝ» አለ ሚስቱን እያሳየ። ሚስትየው ዓይኗን ወደ ሰሃኗ ዝቅ አደረገች፤ ያን ጊዜ ያየ ሰው ደግነቷ የሚያሳፍራት ይመስለዋል።

ችኮ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እንግዲህ ማሽኑን የምታውቀው አንተ ነህ» አለችው። «ብዙ ሠርቷል?»

«ኧረ ምን ሠርቶ! ለጌጥ ነበር እንጂ።»

«በምርቃቱ ጊዜ ሠርቷል አሉ።»

«ትንሽ።» ሚስቱን አየ። «ትንሽ ሠርቷል።»

«ያን ቀን መብራት ጠፋ ብላችሁኝ ነበር።»

«አዎ፣ ልክ ነሽ፣ መብራት ጠፍቶ…»

«ወንድሜ፣ እኔን እየኝ። እሷን ተዋት፣ እኔን እየኝ።» አያት። ልጅ ሆኖ የሰበረውን ብርጭቆ ከኋላው ደብቆ ሲቆም የነበረው ፊት ነው፤ ጺም አብቅሎ፣ ከንፈሩ ላይ ሩዝ ይዞ። «ባንኮዬን ሊወስዱብኝ ነው። ነገ ጠዋት ነው። በዚህ ማሽን ጀምሪ ብትለኝ እጀምራለሁ፣ ተይው ብትለኝ እተወዋለሁ። አንተ ያልከኝን ነው የማደርገው። ይሄ ማሽን ምንም የለበትም?»

ይህን ያህል በሩን ከፈተችለት። ከዚህ በላይ ለመክፈት ግድግዳውን ማፍረስ ነው። እናትየው ማኘክ አቆሙ። ሚስትየው የጨው ዕቃውን አንስታ ያላስፈለጋትን ጨው ነሰነሰች።

«ምንም የለበትም» አለ ወንድሟ። «ከውሃ ሌላ ጠጥቶ አያውቅም።»

ውሃ አለ! ማንም ስለ መጠጥ ሳይጠይቀው፣ ራሱ፣ ውሃ አለ። ችኮ ተነስታ የፕላስቲክ ጽጌረዳውን ወለል ላይ አስቀመጠች፣ ዳንቴሉን ገፈፈች፣ ሶኬቱን ሰካች።

«እትዬ ምን ልታደርጊ ነው?» ሚስትየው ብድግ አለች። «በእህትና በወንድም መሀል ፍተሻ? ኧረ ነውር ነው!»

«ምን ፍተሻ አመጣው። የመጀመሪያውን ቡና አብረን ካልጠጣን ምኑን ገዛሁት» አለች ችኮ። ከቦርሳዋ ከባንኮዋ ያመጣችውን የተፈጨ ቡና አወጣች። ከኩሽና ጀሪካን ውሃ ይዛ መጣች፤ ቱቦዋን ስትነክራት ሦስቱም ቱቦዋን አዩ። ማሽኑ ማጓራት ጀመረ። ለመሞቅ ጊዜ ወሰደ፣ እነሱም ጠበቁት፤ እንደ ሆስፒታል ኮሪደር አንዱ የአንዱን ጫማ እያየ። ከዚያ ሽታው መጣ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ጓዳ ውስጥ የተረሳ የሕፃን ጡጦ የመሰለ፤ ቀጥሎ እንፋሎቱን ስትከፍተው ሳሎኑን ሙሉ ያዘው። ከውጭ የመጣው መጋረጃ ሳይቀር ጠጣው። ሚስትየው ሮጣ መስኮት ከፈተች። እናትየው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው «የጎረቤት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ውሻቸውን አያጥቡም» አሉ። ወንድሟ ስልኩን አወጣ፤ ማንም አልደወለለትም፣ እሱ ግን አየው።

ከእጀታው የወረደው ነገር ቡና ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። አመድማ ነው፤ ላዩ ላይ እንደ ብጉር የሚንሳፈፍ ነጫጭ ነገር አለው። ችኮ ከመስታወት ሣጥኑ ጠርዘ ወርቅ ስኒዎቹን አውጥታ በየስኒው ቀዳች። ለእናትየው በሁለት እጇ አቀረበች፣ እንደ ወጉ፣ ዝቅ ብላ። «ደም ግፊት አለብኝ ልጄ» አሉ፤ ጠዋት እሷ ስትገባ ግን በትልቅ ኩባያ እየጠጡ ነበር። ለሚስትየው አቀረበች። «ይቀዝቅዝልኝ» አለችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከራሷ አርቃ፣ ከልጅዋ የምርቃት ፎቶ አጠገብ አስቀመጠችው። የወንድሟን ስኒ በመጨረሻ ሰጠችው። ሰጥታው አልተቀመጠችም፤ ፊት ለፊቱ ቆመች።

አንድ ቃል ትበቃው ነበር። «እትዬ፣ ተይው» ቢል፤ ወይም ስኒውን መልሶ ቢያስቀምጥ፤ ወይም ፊቱን እንኳ ቢያኮሳትር። እዚያው ቆማ በልቧ ስትለምነው ነበር፣ ለራሱ ብላ። እሱ ግን ሚስቱን አየ፣ አማቱን አየ፣ ከዚያ ስኒውን አንስቶ ጠጣው። አፉን አስነክቶ አልተወውም፤ ጠጣው። ጉሮሮው አንዴ ወደ ላይ ሲወጣ፣ መልሶ ሲወርድ ታየ። ዓይኑ ውሃ አቀረረ። ስኒውን ሲያስቀምጥ የቀረው ነጭ ነገር ከጠርዙ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ጥሩ ነው» አለ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «ትንሽ ጠንከር ይላል እንጂ፣ ጥሩ ነው።»

ችኮ በሕይወቷ ብዙ ሰው ንቃለች። አስተዳዳሪውን ትንቃለች፣ ጭማቂ ሻጮቹን ትንቃለች፣ የዚህን ቤት ሶፋ ሳይቀር ትንቃለች። ወንድሟን ግን እስከዚያች ሰዓት ወዳው እንጂ ንቃው አታውቅም ነበር፤ ስትናደድበት እንኳ እየወደደችው ነው። አሁን ሱፉን ለብሶ፣ አፉን በመሐረብ እየጠረገ፣ የሠራትን ነገር ራሱ ሲጠጣት ስታየው ያ ሁሉ ዓመት ከደረቷ ላይ እንደ ቅርፊት ተቀረፈ። ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር። ሌባ የሰረቀውን ራሱ ላይ አያፈሰውም። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣችና እዚያው ሳሎን መሀል ቆማ ደወለች፤ የክሊኒኩ ጫጫታ ስላስለመዳት ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ነው የምታወራው፣ ሁሉም ሰሙ።

«ያ ማሽን አለ?»

«አለ እናቴ፣ ሰውየው መንገድ ላይ ነኝ ብሎኛል» አለ የሱቁ ባለቤት። «የወንድምሽ ምን ሆነ?»

«ሞቷል» አለች ችኮ ወንድሟን እያየች። «ወተት አጠጥተውት ሞቷል። ከሞተ ከርሟል፣ የነገረኝ ግን የለም።»

በዚያ በኩል ሳቅ ተሰማ። በዚህ በኩል ማሽኑ ብቻ ነው የሚተነፍሰው። «እንግዲያው ነይ፣ አስቀምጥልሻለሁ። ዋጋው ግን የትናንቱ አይደለም። ሄዶ የተመለሰ ሰው ጨምሮ ነው የሚገዛው።»

«አንተ ሌባ!»

«እኔማ ሌባ ነኝ እናቴ። ማሽኑ ግን ይሠራል።»

«መጣሁ» ብላ ዘጋች። የቡናዋን ከረጢት አፉን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ለዚህ ቤት የምትተወው ቡና የላትም። ሶኬቱን ነቀለች። ሚስትየው ያን ጊዜ አፏ ተፈታ፤ ሰው ቤት መጥቶ ማዋረድ፣ ጆሮ መለጠፍ፣ ለደግነት ይህን መመለስ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ደረደረችው። እናትየው «ልጄ ተያት፣ ያልተማረ ሰው ናት» አሉ። «ልክ ነዎት እማማ» አለች ችኮ ከበሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ማሽን ወተት እንደሚጠጣ አላስተማሩኝም።»

ወንድሟ ግቢው በር ላይ ደረሰባት። የመኪናውን ቁልፍ ይዟል። «በምን ልትጭኚው ነው? ከባድ ነው እኮ። እኔ ላድርስሽ» አለ። ፊቱ ነጥቶ ነበር፣ ከሀፍረት ይሁን ከጠጣው አይታወቅም። ችኮ አሰበችው። የጭነት መኪና ፈልጋ፣ ተከራክራ፣ ጫኝ ለምና ስትደርስ ማሽኑ በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ይሆናል። መኪና ነው የሚያስፈልጋት፤ መኪና ደግሞ ይኸው። የኋላውን በር ከፍታ ገባች። «ፊት ነይ እንጂ» አላት። «እዚህ ይመቸኛል» አለች።

ጎማ የሚለጥፉትን፣ ዕቃ አስፋልት ዳር ዘርግተው የሚጮኹትን፣ የመስታወት ሕንፃዎቹን እያለፉ ሄዱ። መብራት ላይ ሲቆሙ በመስታወቱ ውስጥ አያትና «እኔ እኮ ልነግርሽ ነበር» አለ። «መቼ?» አለችው። «ከወሰድሽው በኋላ። ላሠራልሽ አስቤ… እሷ ቤት ውስጥ ሰላም አትሰጠኝም፣ አታውቂልኝም እትዬ።» ችኮ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። ይህን ሰላም ፍለጋ የእህቱን ዳቦ ይሸጣል፤ ሰላሙን ግን አላገኘውም፤ እንዲያው በከንቱ። አረንጓዴው በራ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ እስኪነፋበት ድረስ መልስ ጠበቀ።

የሱቁ ባለቤት ማሽኑን አስነስቶ ጠበቃት። በጭርምቱ በኩል ግድግዳው ላይ አስጠግቶታል፣ አመሉ ነው። ችኮ ወደ ፊት አስዞረችው፣ እንፋሎቱን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ቀድታ ጠጣች፣ ደግማ ቀዳች። ወንድሟ የሱቁ በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥም አይገባ፣ ወደ ውጭም አይወጣ። ከፈለች፤ የጨመረባትንም ሳትከራከር ከፈለች፣ ሰውየው ራሱ ደንገጥ እስኪል። «ከዚህ በር ከወጣ አላውቀውም፣ እንዳትመልሺው» አላት። «እሱን ነው የወደድኩልህ፣ ፊት ለፊት ነው የምትናገረው» አለችው። ከዚያ ወንድሟን ጠራችው። በአንድ በኩል የሱቁ ባለቤት፣ በሌላው በኩል እሱ ሆነው ተሸከሙት። በሚያብረቀርቀው መኪናው ኋላ ሲያስገቡት የሱፉ እጅጌ በግራሶ ተነከረ። የመኪናውን ወንበር ጨርቅ ሸፍኖ ነው ልጁን እንኳ የሚያስቀምጠው፤ ዛሬ ግን ጨርቅ አልፈለገም።

ክሊኒኩ የከሰዓት ሰው ሞልቶት ነበር። የሚያስለው፣ የሚያለቅሰው ሕፃን፣ ካርዱን ይዞ ተራ የሚጠብቀው፤ ከወለሉ የበረኪና ሽታ ይነሳል። ባንኮዋ ላይ ሰው ጋዜጣና ጃኬት ጥሎባት አገኘቻት፤ አንስታ ለባለቤቱ ሰጠችው። ማሽኑን አስቀመጡት። የተጨረመተውን ጎኑን ወደ ሰው አዞረችው፣ የሚያየው ይየው ብላ። ወንድሟ ሳትለምነው ከጓሮው ቧንቧ ጀሪካን ውሃ ሞልቶ እያንጠባጠበ አመጣ። ጫማው ላይ ፈሰሰበት። የመጀመሪያዎቹን ስኒዎች ደፋቻቸው፣ ቀጥሎ የመጣው ጥቁር ነበር፣ አረፋው ወርቅማ፣ ሽታው ደግሞ የሚያስለውን ሰውዬ ሳይቀር ቀና አደረገው። አስተዳዳሪው ከቢሮው ወጣ፣ ስልኩን እያየ በአጠገቧ አለፈ፣ ቆመ፣ አሸተተ። «ለነገ ብዬሽ አልነበር?» አለ። «ዛሬ ነው የደረሰልኝ» አለችው። «እሺ፣ ጥሩ» ብሎ ሄደ። ባንኮዋ ተረፈች። ያን ጊዜ ጫፏን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

ካርድ ክፍል የምትሠራው ነርስ ከመስኮቷ ወጥታ እየሳቀች መጣች። «እሰይ እትዬ! ስትጠፊ ይሄ ሰው ሁሉ በእንቅልፍ ሊያልቅ ነበር» አለች። ከዚያ ወንድሟን አየችው፤ ሱፉ በግራሶ፣ ጫማው በውሃ፣ ባዶ ጀሪካን በእጁ። ጎንበስ ብላ «ሰውየው ማነው?» አለቻት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ እሱ ግን ሰማ።

ችኮ ጨርቅ አንስታ ንጹሑን ባንኮ ማሸት ጀመረች። «ሹፌር ነው» አለች።

ካለች በኋላ ጠበቀች። ቀና ብላ አላየችውም፣ እጇ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። ወንድሟ ነኝ ማለት ምን ያህል ነው? ሁለት ቃል ነው። ቢቆጣም ይቆጣ፣ ቢስቅም ይሳቅ፣ ብቻ ይበል። ነርሷ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ የምትጠብቅ መሰለች። ከካርድ ክፍሉ የሚጠራ ስም ተሰማ፤ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ሄደ። ጀሪካኑን ወለል ላይ ሲያስቀምጠው ሰማችው፤ የቁልፉን መንቀጭቀጭም ሰማች።

«ሌላ የሚጫን አለ?» አለ ወንድሟ።

«የለም» አለች ችኮ። «ሂድ።»

የእግሩ ኮቴ ከሰው መሀል እስኪጠፋ ድረስ ባንኮውን አሸችው። ከዚያ ስኒ አንስታ ለነርሷ ቀዳችላትና የስኳሩን ዕቃ አስጠጋችላት።